«የለሁም» ያለው አሳዳጊ

አንድ ሰው ነበረ፤ ሌላው ጥሎት የሄደውን ነገር ሳያነሳ ማለፍ አይችልም ነበር።

ጋሼ ንጋቱ ምሳሌያቸውን የጀመሩት በዚህ ነው። የጠየቀቻቸው ረድኤት ናት። ሁለቱም ፕሮግራም ይጽፋሉ፤ እሳቸው አርጅተውበታል፣ እሷ ገና ነች። የሚጽፉትም ለሁሉም በነጻ በሚሰጥ፣ ማንም ገብቶ ሊያስተካክለው በሚችል የጋራ ሥራ ውስጥ ነው። ረድኤት በዚያ ሥራ ውስጥ ባለቤቱ የተወውን አንድ ጥቅል በስሟ ወስዳ ነበር። ጥቅል የሚሉት አንድ ነገር ብቻ የሚሠራ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚደገፉበት ትንሽ ፕሮግራም ነው። ከወሰደችው በኋላ ወለደች። ከወለደች በኋላ አላየችውም።

«ጋሼ፣ ስሜን ብሰርዝ ‹ጣለችው› አይሉኝም?» አለች። «ባልሰርዝስ ምን ይጎዳል? ቢያንስ ስም አለው።»

ጋሼ ንጋቱ ቁጥብ ሰው ናቸው። «ስሚ» አሉና ይህን ነገሯት።

ሰውዬው ያደገው በሰው ቤት ነው። ስለ ልጅነቱ ብዙ መናገር አያስፈልግም። ለራት ሲጠራ ድስቱ ተጠርጎ የሚደርስ ልጅ ነበር፤ ይህ ይበቃል። አደገ፣ ተማረ፣ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ጠጋኝ ሆነ፣ አገባ። ልጅ አልወለደም። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ወደዚህ የጋራ ሥራ ይገባ ነበር።

በዚያ ሥራ ውስጥ እያንዳንዱ ጥቅል የራሱ ገጽ አለው። በገጹ ራስ ላይ «አሳዳጊ» ይልና የሚጠብቀው ሰው ስም ይከተላል። ጠባቂው ሲሰለቸው፣ ሥራ ሲበዛበት ወይም አገር ሲቀይር ስሙን ያነሳል፤ በቦታው «የለም» ተብሎ ይጻፋል። ሕጉ አጭር ነው። «የለም» የተባለበትን ጥቅል የፈለገ ሰው ይወስደዋል። ስም ያለበትን መንካት የፈለገ ግን ያስተካከለውን ለባለስሙ ልኮ ፈቃዱን ይጠብቃል።

ሰውዬው ያቺን «የለም» የምትል ቃል አይቶ ማለፍ አልሆንለት አለ። ሲያያት ሆዱ ይባባል። ወዲያው ይሰርዛትና ስሙን ይጽፍባታል።

የመጀመሪያዋን ጥቅል በደንብ አሳደጋት። ቁጥርን በግእዝ አኀዝ የምትጽፍ ትንሽ ነገር ነበረች፤ ጉድፏን ለቀመላት፣ መመሪያ ጻፈላት፣ ሰው ሲጠይቅ በዕለቱ መለሰ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ከዚያ ሦስተኛው መጣ። ከዚያ መቁጠሩን ተወው።

«ዛሬም አንድ ጥቅል አመጣሁ» ይላታል ሚስቱን።

«ጎመን ነው?»

«ጎመን አይደለም።»

«እና ምን ላድርገው ብለህ ነው የምትነግረኝ?»

«አሳዳጊ አልነበረውም። አሳዘነኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ጣራችን ያፈሳል። እሱም አሳዳጊ የለውም፤ ምነው እሱ አያሳዝንህ?»

ሰዎች ግን አመሰገኑት። «አባ ጥቅሌ» የሚል ስም አወጡለት። ፊቱን ያየው የለም፤ የሚያውቁት በጽሑፍ ነው። በጽሑፍ ደግሞ ግርማ ነበረው፤ ሽበት ያለው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ሁሉ ተነስቶ ወንበር የሚለቅለት ዓይነት። ምስጋና ታዲያ አንድ ክፋት አለው፤ የተመሰገነ ሰው «አልችልም» ማለት ይቸግረዋል። ይህ በሽታ በአገራችን ይሉኝታ ይባላል። ጎረቤት እስካለ ድረስ አይድንም።

ስለዚህ ሰውዬው ለሁሉም «እሺ» ይል ጀመር። ተበላሸ የሚል መልእክት ሲደርሰው «እሺ፣ ሰሞኑን አየዋለሁ» ይላል። «ሰሞኑን» ጥሩ ቃል ነው። ማንንም አያስቀይምም፤ ማንንም አይጠቅምም።

ከጥቅሎቹ አንዱ ቀን ቆጣሪ ነበር። የእኛን ቀን ከፈረንጆቹ ጋር ያስማማል። የጻፈው ተማሪ ጎበዝ ነበር፤ ግን ቸኩሎ ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት አደረጋት። በዘመነ ሉቃስ ስድስት እንደምትሆን ረሳ። ተማሪው ሄደ፣ ስሕተቱ ቀረ፣ ሉቃስ መጣ።

በዚህ ቀን ቆጣሪ ላይ የጤና ጣቢያዎች የክትባት ቀጠሮ መያዣ ፕሮግራም ቆሞ ነበር። አንዲት ነርስ ከገጠር ለሚመጡ እናቶች ከወራት በፊት ቀጠሮ ትሰጣለች። ግንቦት ላይ ለአንዷ ጳጉሜ ስድስት ብላ ብትጽፍ፣ ኮምፒውተሩ ወስዶ መስከረም አንድ አደረገባት። እንቁጣጣሽ! እናቲቱ ሕፃን አዝላ ያን ሁሉ መንገድ መጥታ የተዘጋ በር ልታገኝ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውም ቀን ሁሉ ተንሸራቷል፤ ሰኞ የተባለው ማክሰኞ፣ ማክሰኞ የተባለው ረቡዕ።

ነርሷ ለአሳዳጊው ጻፈች፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ጳጉሜ ስድስት ጠፍታብኛለች። እባክዎ ይፈልጉልኝ።»

«እሺ፣ ሰሞኑን አየዋለሁ» አላት።

ሰንብታ ጻፈች፦ «ጋሼ፣ ሰሞኑን መቼ ነው? ኮምፒውተሩ እሱንም አያውቀውም።»

ሳቀ። «እሺ» አለ። አላየውም። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ልጆች ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚያለቅሱበት ቤት ውስጥ ያለ ሰው የትኛውን እንደሚያነሳ አያውቅም፤ ቆሞ ጆሮውን ይይዛል። ገጹን ከፍቶ የመልእክቱን ብዛት ያያል፤ ይዘጋዋል፤ ሌላ «የለም» ያገኛል፤ እሱን ይወስዳል። አዲስ የመጣ ልጅ ገና አላለቀሰምና ደስ ይላል።

በመጨረሻ ነርሷ ትሕትናዋ አለቀ። «ጋሼ፣ ለእናቶቹ ቀኑን በእጄ በወረቀት እየጻፍኩ እሰጣለሁ። ኮምፒውተሩ አንድ ቀን ይላል፣ እኔ ሌላ ቀን እላለሁ። የሚያምኑት እሱን ነው። ጥቅልዎ አሳዳጊ የበደለው ነው!»

አሳዳጊ የበደለው።

ነርሷ የተናገረችው ሰው ሁሉ የሚሳደበውን ስድብ ነው። ሰውዬው ግን በዚህ ስድብ ነው ያደገው። ብርጭቆ ሲሰብር አሳዳጊ የበደለው። ሰላምታ ሲረሳ አሳዳጊ የበደለው። ሲስቅም፣ ሳይስቅም። ከምሳው ተነሳ።

በልጅነቱ መጀመሪያ የወሰዱት ቤተሰቦች ክፉዎች አልነበሩም። «የእኛ ልጅ ነው» ይሉ ነበር፤ በኩራት። ትምህርት ቤት ግን አላስገቡትም፤ «ለከርሞ» ይላሉ። በሰፈሩ ልጅ የሌለው አንድ ልብስ ሰፊ ነበረ። ልጁን ይወደዋል፤ ሊያስተምረውም ይፈልጋል። ግን «የሰው ልጅ እንዴት ስጡኝ ይባላል?» ብሎ ዝም አለ። እንዲህ ሆኖ ልጁ ከክፍል ክፍል ማለፍ ሲገባው ከ«ለከርሞ» ወደ «ለከርሞ» አለፈ። አንድ እሑድ የቤቱ እመቤት ከቅዳሴ ስትወጣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ይህን ልጅ የሚያስተምር ካለ ይውሰደው» አለች። ልጁ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ልብስ ሰፊው ግን የቤተ ክርስቲያኑን በር ሳይሳለም ሮጦ መጥቶ እጁን ያዘው። ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ያቺን ሴት «የጣለችኝ» ሲላት ኖሯል። በዚያ ቀን ምሳው እየቀዘቀዘ፣ የጣለችው እሷ ናት ወይስ ቀደም ብሎ «የእኛ ነው» ሲባል የኖረው ነገር ነው ብሎ አሰበ። ምን ላይ እንደደረሰ ለማንም አልተናገረም። ኮምፒውተሩን ከፈተ።

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጥቅል ስሙን ሰረዘ። ምክንያት መጻፍ ነበረበት። «በታላቅ አክብሮት» ብሎ ጀመረና አጠፋው። «ሥራ ስለ በዛብኝ» ብሎ ጀመረና አፈረ፤ ሥራው አልበዛም፣ የበዛው ጥቅሉ ነው። በመጨረሻ ላቡን ጠርጎ ይህችን ጻፈ፤ በሁሉም ገጽ ላይ ለጠፋት፦

«ከዛሬ ጀምሮ የለሁም። ያስቀየምኳችሁ ሁሉ ይቅር በሉኝ።»

«የለሁበትም» ማለቱ ነበር። ሁለት ፊደል አነሰው።

ዕለቱ ዓርብ ነው። ሰው ምን ይለኛል ብሎ ስለ ፈራ ስልኩን አጠፋ። በማግሥቱ ከሚስቱ ጋር የእህቷ ልጅ ሠርግ ወዳለበት ከተማ ሄደ። ሠርጉ ላይም አላረፈም። ሙሽሮቹ ሲገቡ፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣ እሱ የሚሰማው ሰዎች በየገጹ ላይ ሲረግሙት ነው። እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል።

«ያንን ስልክ ብትከፍተው» አለችው ሚስቱ፣ «ከሙሽራው ነጥቄ ማይክራፎኑን እይዝና ጣራችን እንደሚያፈስ ለሠርገኛው ሁሉ እናገራለሁ።»

እጁን መለሰ።

የረገመው ግን አልነበረም። ገጾቹ ሁሉ «ነፍስ ይማር» በሚል ቃል ሞልተዋል። «ታላቅ ዋርካ ወደቀ» ያለ አለ። «ነፍስ ይማር፤ ለመሆኑ የፊደል ስሕተት መልቀሚያው ጥቅል መቼ ይስተካከላል?» ያለም አለ። ደወሉ፤ ስልኩ ዝግ ነው። ሞት ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? አድራሻውን የሚያውቅ ተፈልጎ ተገኘ። ሰኞ ጠዋት ቅርብ ያሉት ከሥራ ቀርተው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ፤ አንድ የባንክ ሠራተኛ፣ አንድ መምህር፣ አንዲት መሐንዲስ። ነርሷም መጣች። «አሳዳጊ የበደለው ብዬ ገደልኳቸው» እያለች ነበር የምታለቅሰው።

ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ሄዷል። በግቢው በር ላይ ያገኙት ዘበኛውን ብቻ ነው።

«የኮምፒውተር ባለሙያው፣ የጋሼ ቤት እዚህ ነው?» አለ የባንክ ሠራተኛው።

«እዚህ ነው። ግን የሉም።»

ነርሷ ግድግዳውን ተደገፈች።

«መቼ ነው?»

«ቅዳሜ ጠዋት ሄዱ።»

«ባለቤታቸውስ እንዴት ናቸው?»

«እሳቸውም አብረው ሄዱ።»

«ሁለቱም!» ብሎ መምህሩ ራሱን ያዘ። «በምን?»

«በሚኒባስ።»

«አይ የእኛ አገር መኪና!» አለች መሐንዲሷ። «መቼም ብዙ አልተሠቃዩም ይሆናል።»

«የለም፣ ወዲያው ነው» አለ ዘበኛው፤ ሚኒባሱን ማግኘታቸውን ማለቱ ነው። «አምሮባቸውም ነበር። እሳቸው ሙሉ ልብስ፣ ባለቤታቸው አዲስ የሐበሻ ቀሚስ።»

«ዘመድ አላቸው?»

«ዘመዶቻቸው ሁሉ እዚያው አይደሉ? ሲጠብቋቸው ነበር።»

«እውነትዎን ነው፣ አባ» አለች ነርሷ እንባዋን እየጠረገች። «ሁላችንንም እዚያ ይጠብቁናል።»

«ዛሬ ይመጣሉ» አለ ዘበኛው ሊያጽናናት። «ከሰዓት በፊትም ይሆናል።»

አስከሬኑ ዛሬ እንደሚመጣ ተረዱ። ዘበኛው ደግሞ ሠርግ ሰውን እንዲህ የሚያስለቅስበት ምክንያት አልገባውም። ሳይጠሩ ቀርተው ይሆናል ብሎ አዘነላቸውና አግዳሚ ወንበር አወጣላቸው።

ተቀመጡ። ለቅሶ ላይ ሟች ተመስግኖ ሲያበቃ ወሬው ወደ ቀሩት ልጆች ይሄዳል።

«እነዚያ ልጆች እንግዲህ ምን ይሆናሉ?» አለ መምህሩ። ጥቅሎቹን ማለቱ ነው።

«ሜዳ ላይማ አይቀሩም» አለች መሐንዲሷ። «ትንንሾቹን እኔ እወስዳቸዋለሁ።»

«ያንን አስቸጋሪውን ለእኔ ተዉልኝ። ጠባዩን አውቀዋለሁ» አለ መምህሩ።

ዘበኛው ጆሮውን አቆመ። ባልና ሚስቱ ልጅ እንደሌላቸው ነበር የሚያውቀው።

«ቀን ቆጣሪውስ?» አለች ነርሷ።

የባንክ ሠራተኛው አቀረቀረ። «እሱን እኔ አሳድገዋለሁ። ጳጉሜ ስድስትን ካስተካከልኳት እንኳ ቆይቻለሁ። ኮምፒውተሬ ውስጥ ናት።»

ነርሷ ማልቀሷን አቆመች። «ተስተካክላለች? እና ለምን አልላክህም?»

«እሳቸው እያሉ? ‹አልቻሉም› ማለት ይመስልብኛል። ትልቅ ሰው እኮ ናቸው።»

መምህሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔም አስተካክያት ነበር።»

«እኔም» አለች መሐንዲሷ፤ ድምፅዋ አይሰማም።

ነርሷ አንድ በአንድ አየቻቸው። «ጳጉሜ ስድስት በሦስት ሰው ኪስ ውስጥ ተኝታ ነው እኔ ከእናቶች ጋር ስጣላ የከረምኩት? እስኪሞቱ ነው ስትጠብቁ የነበራችሁት?»

«አክብረናቸው ነው» አለ የባንክ ሠራተኛው።

«እንዲህ ያለውን አክብሮት ለጠላቴ ያድርግልኝ!»

ላፕቶፖቹ ወጡ። እዚያው አግዳሚው ላይ፣ በነጠላቸው ሥር፣ «የለም» የሚለውን እየሰረዙ ስማቸውን ጻፉ። ጳጉሜ ስድስት ገባች። ነርሷ በስልኳ ሞከረቻት፤ ጳጉሜ ስድስት ጳጉሜ ስድስት ሆና ወጣች። እልል ልትል አፏን ከፈተች፤ ለቅሶ መሆኑ ትዝ ሲላት መልሳ ዘጋችው።

በዚህ መሐል ሰውዬውና ሚስቱ ከሠርጉ ተመለሱ። እሱ ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ነው። እሷ ከሠርግ ቤት የሰጧትን ድፎ ዳቦ ይዛለች። በራቸው ላይ ነጠላ ያዘቀዘቀ ሰው አዩ። ሚስቱ ዳቦውን ባሏን አስታቅፋ «ወይኔ! ማን ሞተብን?» ብላ ጮኸች። ነርሷ ተነስታ አቀፈቻት። ተቃቅፈው አለቀሱ፤ አንደኛዋ ለማን እንደምታለቅስ አታውቅም፣ ሌላዋ ሟቿን አቅፋለች።

ሰውዬው ወደ መምህሩ ጠጋ አለ። «ማን ነው የሞተው?»

«አባ ጥቅሌ ናቸው። ያውቋቸው ነበር?»

ሰውዬው ዳቦውን እንዳቀፈ ቆመ።

«ጥቂት» አለ።

«ደግ ሰው ነበሩ።»

«ይባላል።»

«ምነው ቆሙ? ይቀመጡ እንጂ» ብሎ መምህሩ ቦታ ለቀቀለት።

እዚህ ላይ «አልሞትኩም» ማለት ነበረበት። ግን እነዚህ ሰዎች ከሥራ ቀርተው፣ ተሰብስበው፣ አልቅሰው መጥተዋል። አሁን «አለሁ» ብሎ እንዴት ያሳፍራቸው? ለቅሶ ማበላሸት ነውር ነው። ይሉኝታ ከነፍሱ በለጠበትና ከራሱ ለቀስተኞች ጋር ተቀመጠ። ሲያመሰግኑት አቀረቀረ። አንዴ «እግዜር ያጥናችሁ» ሁሉ አለ። ጥቅሎቹን ማን ማን እንደወሰዳቸው ሰማ። ቀን ቆጣሪው እንደተጠገነ ሰማ። ትከሻው ቀስ በቀስ ወረደ፤ ከስንት ጊዜ ወዲህ እንዲህ ቀሎት አያውቅም። መሞት ይህን ያህል እንደሚያሳርፍ ቢያውቅ ኖሮ ቀደም ብሎ በሞተ።

ዘበኛው ከጎጆው ወጣ። «ጋሼ! እንኳን ደህና ገቡ! ሠርጉ እንዴት ነበር? እነዚህ እንግዶች ከጠዋት ጀምረው እርስዎን ሲጠብቁ።»

ነርሷ ሚስቱን ለቀቀቻት።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«አልሞቱም?»

«አልሞትኩም። ይቅርታ።»

«እና ‹የለሁም› ያሉት?»

«ከጥቅሎቹ . . . ማለቴ ነው።»

«‹የለሁበትም› አይሉም ነበር!» አለ የባንክ ሠራተኛው። «ለሁለት ፊደል ሳስተው ነው ይህን ሁሉ ያስለቀሱን?»

ሚስቱ እስከዚያ ድረስ አልገባትም ነበር። ሲገባት ወደ ባሏ ዞረች። «እኔንም ገድለኸኝ ነበር? በአዲስ ቀሚሴ?»

ንዴቱ በረደ። ንዴት ሲበርድ ግን ያው በሽታ ይመለሳል። የባንክ ሠራተኛው ነጠላውን አስተካከለ። «እንግዲህ ጋሼ፣ እርስዎ ካሉማ ይህ ነገር አያምርም። በቁሙ ያለ ሰው ልጆቹን አይከፋፈሉትም። እንመልስልዎታለን።»

«እውነት ነው፣ ነውር ነው» አለ መምህሩ።

መሐንዲሷም ስሙን መልሶ እንዲጽፍ ላፕቶፗን ወደ እሱ አዞረችለት።

ነርሷ የምታየው የሰውዬውን አፍ ነው። ጳጉሜ ስድስት ዛሬ ተገኝታለች፤ ነገ ሌላ ነገር ሲጠፋ ግን እንደገና ሰሞኑን ሊባል ነው። ያ ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ቃል ላይ ነበር፤ ቃሉ ደግሞ ከዚያ አፍ ርቆ አያውቅም።

ሰውዬው «እሺ» ሊል አፉን ከፈተ። የወጣው ግን ሌላ ሆነ።

«አልችልም» አለ።

እሱ ራሱ ደንግጦ ነበር። ድምፁን ለማረጋገጥ ይመስል ደገመው። «አልችልም። የቁጥሯን ጥቅል ብቻ ተዉልኝ፤ እሷን እችላታለሁ። ሌሎቹን እናንተ አሳድጓቸው። የምታውቀው ነገር አለ ወይ ብላችሁ ብትደውሉልኝ እነግራችኋለሁ። አሳድግ ግን አትበሉኝ።»

ነርሷ የዘጋችውን እልልታ አሁን ለቀቀችው።

«በሉ ግቡ» አለች ሚስቱ ዳቦውን ከባሏ እቅፍ ወስዳ። «የሠርግ ዳቦ ነው፤ ለተዝካርም ይሆናል።» ነጠላቸውን አቅንተው ገቡ። ዘበኛው ግን መምህሩን በእጅጌው ያዘውና ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀ፦ «ልጆቹን የት ነው ደብቀዋቸው የኖሩት?»

ጳጉሜ ስድስት ስትደርስ እናቶቹ መጡ። በሩ ክፍት ነበር። ሕፃናቱ መርፌውን ቀምሰው አለቀሱ። ቀን ቆጣሪውን ያመሰገነ የለም። የሚሠራ ነገር አይመሰገንም፤ የሚታወሰው ሲሰበር ነው።

ጋሼ ንጋቱ እዚህ ላይ ምሳሌውን ጨረሱና ወደ ረድኤት ዞሩ።

«ልጄ፣ ‹ስም አለው› አልሽኝ። ያ ስም ነው የሚጎዳው። ‹የለም› ተብሎ የተጻፈበትን ጥቅል አላፊ አግዳሚው ያየዋል፤ የሆነ ሰው ሆዱ ባብቶ ያነሳዋል። ስምሽ ያለበትን ግን ‹ባለቤት አለው› ብሎ ያልፈዋል። ቀድመው የሚያልፉትም ደጋጎቹ ናቸው፤ ስለሚያከብሩሽ። መድኃኒቱን ኪሳቸው ውስጥ ይዘው ይቆማሉ። ሰውዬው ጥቅሎቹን የጣላቸው ስሙን በሰረዘ ቀን መስሎታል። አይደለም። ዓይኑን ከእነሱ አንስቶ ስሙን ትቶባቸው የሄደ ቀን ነው የጣላቸው። የሰረዘ ቀንማ አነሳቸው።»

«ማንም ባይወስደውስ?»

«ያን ጊዜ የሚፈልገው እንደሌለ ታውቂያለሽ። ይህንም ማወቅ ደግ ነው። የማያስፈልግ ነገር ይቀበራል። የሚያስፈልግ ነገር ግን በአንቺ ስም ጥላ ሥር አይሙት።»

ረድኤት እንደገና ጠየቀች። «‹ጣለችው› ቢሉኝስ?»

«ይላሉ። ከዚያ ሌላ የሚሉት ያገኛሉ።»

«ምን ብዬ ልጻፍ?»

«‹አልቻልኩም፤ የሚችል ይውሰደው› በይ። አታሳምሪው፤ አታሳጥሪውም። ስምሽ በር ነው፣ ልጄ። ከፍተሽ ተቀመጪ፣ ወይም ቁልፉን ለሰው ሰጥተሽ ውጪ። ቆልፈሽ ግን አትሂጂ።»